መጥሙራው ሲተነፍስ

የሱዳኑ መኮንን ሙላዚም ሁዜይፋ ችግር ሲገጥመው ወደ መፋዛ ገበያ ወታደር ይልካል፤ ችግሩ ሲብስ ግን ራሱ ይመጣል። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ረፋዱ ላይ ራሱ መጣ። ፒካፑን ከማሬ መደብ ፊት ገትሮ ሲያቆመው አቧራው ተነሥቶ ገና ተለቅሞ ያለቀ በርበሬዋ ላይ አረፈ፤ እሷም በዚህ ብቻ የዕለቱን ግማሽ ተቆጥታ ዋለች።

«ያ ሓጃ ማሬ፣ ተነሺ። ሰው ሞቷል።»

«መካ ሄጄ አላውቅም ብዬህ የለም እንዴ? ሓጃ አትበለኝ። ማን ነው የሞተው?»

«ከእናንተው ሰው ነው። ወኪሉ መንግስቱ። ጠዋት መጥሙራ ውስጥ ወርዶ ሞተ።»

ማሬ የጆንያውን አፍ አሥራ ተነሣች። መንግስቱን ታውቀዋለች። በራሃድ ወንዝ ዳር ያለውን ሰፊ እርሻ ለሱዳናዊው ባለቤት የሚያስተዳድር፣ ሠራተኛ የሚቀጥርና የሚያሰናብት፣ ሐበሻው ሁሉ ደጁን የሚጠናው ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ጦርነት ገፍቷት በገላባት በኩል ከመሻገሯ በፊት መተማ ላይ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ዋና ሳጅንነቷን ከድንበሩ ወዲያ ትታው መጥታለች፤ ሰውን አገላብጦ የማየት አመሏን የሚቀማት ኬላ ግን አልተገኘም። ሁዜይፋም ሐበሻ የገባበት ጉዳይ ሲመጣ እሷን ሳይዝ አይሄድም።

«የእህል ጉድጓድ ሰው ሲገድል ይህ የመጀመሪያው አይደለም» አለች መኪናው ውስጥ። «እህል ሲታፈን ጋዝ ያመጣል። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«አዲሱ ነገር አፍንጫው ነው። ባለቤቱ ዘንድሮ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ አስገባ። አረንጓዴ ከበራ ግባ፣ ቀይ ከበራ አትግባ። ዛሬ አረንጓዴ በርቶ ሰውዬው ገባ፤ ሞተ። ወንድሙ ዘመኑ ክላሹን ይዞ መጥቷል። ‹አፍንጫውን የምትጠብቀው ልጅ ናት የገደለችው› ይላል። እኔ ያለኝ ሁለት ወታደር ነው፤ ሌላውን ጦርነቱ ወስዶታል። ዘመኑ ‹ፀሐይ እስክትጠልቅ እታገሣለሁ፣ ከዚያ ልጅቷን በእጄ እወስዳታለሁ› ብሏል።»

«ልጅቷ የማን ናት?»

«የእናንተው። ግን እዚሁ የተወለደች። ሰሚያ ትባላለች።»

ማሬ ፀሐይዋን ቀና ብላ አየች። ሰው ለመግደል የሚጣደፍ እንጂ ለማጣራት የሚጣደፍ በዕድሜዋ አላጋጠማትም፤ ይህም ሁልጊዜ ያናድዳታል።

እርሻው በር ላይ ሲደርሱ ዘመኑ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ጋቢው ወገቡ ላይ የታሠረ፣ መሣሪያውን በቆላው ሰው ደንብ በሁለት ትከሻው ላይ አግድሞ እጁን የሰቀለበት ጎልማሳ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ደሜ ነው የፈሰሰው፣ ሳጅን! ወንድሜን በማሽን ገድላ፣ እሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ውሃ ትጠጣለች!»

«ትጠጣ። አንተም ጠጣ። የተጠማ ሰው ቶሎ ይተኩሳል።»

«የወንድሙን ደም ያልመለሰ ወንድ ምን ይባላል?»

«ማን እንደገደለበት ሳያውቅ የሚመልሰውስ?»

ዘመኑ ጥርሱን ነከሰ። «እስከ ጀምበር ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

አስከሬኑ ከግራር ሥር ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። ማሬ ነጠላውን ገልጣ አየችው። ቁስል የለውም፤ የተመታበት ምልክትም የለም። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥፍሩ ውስጥ የሻገተ ማሽላ ገብቷል። ምንም ዓይነት ሰው ይሁን፣ መጨረሻው ላይ መሬት ቧጥጦ ነበርና አዘነችለት።

ጉድጓዱ ከአስከሬኑ ብዙ አይርቅም። መጥሙራ የሚሉት ማሽላው፣ በአገሩ አጠራር ዱራው፣ ተቀብሮ የሚከርምበት ጉድጓድ ነው። ጥቁሩ አፈር በጥልቅ ተቆፍሮ ዙሪያውን ገለባ ይለብስና ጠባብ አፉ በቆርቆሮ ይከደናል። ይህኛው ከክረምት በፊት እስከ ግማሹ ተራግፎ ተዘግቶ ነበር። አዲሱ ዱራ ከመግባቱ በፊት የቀረውን ሊያወጡ ዛሬ ጠዋት ከፈቱት።

ሰሚያ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ በተሠራ የገለባ ዳስ፣ ራኩባ በሚሉት ሥር፣ ከትንሽ ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። በሁለት በኩል ወታደር ቆሞባታል።

«ኻልቲ፣ ወላሂ አልዋሸሁም። አፍንጫውም አልዋሸም» አለች ማሬን እንዳየች፤ ኻልቲ በዓረብኛ አክስቴ ማለት ነው።

«ሁለታችሁም ካልዋሻችሁ መንግስቱ በጤናው ይኖር ነበራ። እስቲ ለበርበሬ ነጋዴ እንደምታስረጂ አስረጂኝ። ምንድን ነው የሚያሸተው?»

ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምፅዋ ጸና። «እህል ይተነፍሳል። ደረቅ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው። ውሃ ነክቶት ሲሻግት ግን እንደ ሯጭ ይተነፍሳል። የሚያወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ እታች ይተኛል። አፍንጫው ያንን እየለካ እህሉ መበላሸት መጀመሩን ይነግረናል። ገዳሪፍ ሙዝ የሚያበስሉበት ቤት ውስጥም አለ፤ እዚያ ያለው የሙዙን መብሰል ነው የሚያሸተው። የእኛን ባለቤቱ የገዛው ለዱራው ብሎ ነው። ለሰው አስቦ አይደለም።»

«ይኼ ጉድጓድ ምን ይል ነበር?»

«ሰሞኑን ሙሉ ቀይ ነበር። ክረምት ውሃ ገብቶታል። ትናንት ክዳኑን ገለጥ አድርገው ሊያናፍሱት ሞከሩ፤ ያው ቀይ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ተናፈሰ ብዬ ደስ አለኝ። ‹አረንጓዴ ነው› ብዬ የጮህኩለት እኔ ነኝ፣ ኻልቲ። እኔ ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«በመሰላል ወረደ። ‹ኑ፣ ምንም የለም› አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። እኔ ከዚህ አልተነሣሁም። እሱን ካወጡት በኋላ፣ ጉድጓዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ ድንገት ቀይ ሆነ። ‹ቀይ ሆነ! ቀይ ሆነ!› እያልኩ ጮህኩ። ያን ጊዜ ሁሉም አበደብኝ። ‹ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው ቀይ ያደረግሽው› አሉኝ።»

ማሬ ስክሪኑን ትታ ልጅቷን አየቻት። ተንኮል የሠራ ሰው ተንኮሉ ሲገለበጥበት ቢያይ አፉን ይዘጋል እንጂ አገር ይስማልኝ ብሎ አይጮኽም። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ሁዜይፋ ወሬ አይቋጥርም።

«ወኪል የሆነ ሰው ምን ሆኖ ነው ጉድጓድ የሚወርደው? ሠራተኛ ሞልቶት የለም?»

«የሠራተኞቹ ሕግ ነው። አለቃቸውን ስንሻውን ይጠይቁት።»

ማሬ ወደ ስንሻው ከመሄዷ በፊት በጉድጓዱ ዙሪያ ዞረች። ከአፉ ጎን አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መሬቱን ዘልቆ እስከ ጉድጓዱ ውስጥ ተተክሏል። ጫፉ ላይ ዝናብ እንዳይገባ የወተት ጣሳ ተደፍቶበታል። አፍንጫው በሰማያዊ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወርደው በዚህ ቱቦ ውስጥ ነው፤ የገመዱ ጫፍ ከቱቦው አጠገብ ካለ ካስማ ጋር ታሥሯል። ማሬ ጣሳውን አንሥታ ገመዱን ቀስ እያለች ሳበችው። ፀሐይ የሚያገኘው ጫፍ ነጥቷል፤ ከሥር ያለው ግን ገና ሰማያዊነቱን አልለቀቀም። አፍንጫው ሊወጣ ትንሽ ሲቀረው ገመዱ ላይ የታጠፈና የተጨማደደ ቦታ አገኘች፤ እጥፋቱ ላይ ጥቁር ነገር ተቀብቷል። በጣቷ አሻሸችውና አሸተተችው፤ ጥላሸት ነው። ገመዱን መልሳ ለቀቀችው።

የሠራተኞቹ አለቃ ስንሻው ከጓደኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም መዳፎቹ በገመድ ተልጠዋል።

«መንግስቱን እጠላው ነበር። አልክድም» አለ ሳይጠየቅ።

«ይህን ያህል ከቸኮልክ ሌላውንም ንገረኝ። ለምን እሱ ቀደመ?»

«አምና በዚሁ ጉድጓድ አንድ ልጅ ሞቶብናል፤ ትንሳኤ የሚባል። ሳይናፈስ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ‹ወኪሉ ካልቀደመ ሰው አይወርድም› ብለን በሚካኤል ማልን። መንግስቱም እሺ አለ፤ ሲቀድም ነው የከረመ።»

«ይህን ሕግ የሚያውቀው ማን ነው?»

«ካምፑ ሁሉ ያውቃል። ከተራው ሠራተኛ እስከ ወጥ ሠሪዋ።»

«ሲሞት የት ነበርክ?»

«ገመዱ ላይ። አያ ገብረ ሥላሴ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ አሠረው፤ እኔ ጎተትኩት። ከወጣ በኋላም ደረቱን እየተጫንኩ ትንፋሹን ልመልስ ስታገል ነበር። ብጠላውም ሰው ነው፤ ዝም ብዬ ላየው አልቻልኩም። ሰዉ ሁሉ ከቦኝ ቆሟል።»

«ሰሚያ ‹ቀይ ሆነ› ስትል?»

«ደረቱ ላይ ነኝ።»

«ጉድጓዱ አፍ ላይስ ማን ቀረ?»

ስንሻው አሰበ። «አያ ገብረ ሥላሴ እዚያው ወድቆ ያስታውክ ነበር። ሉሉ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ነጠላዋን አልብሳው ውሃ ታፈስስለት ነበር። ሌላ ሰው አላየሁም።»

ገብረ ሥላሴ በሰባ ሰባቱ ረሃብ የመጡ፣ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ካሉት መጥሙራዎች አብዛኞቹን የቆፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ከድካማቸው ገና አልተመለሱም፤ ግድግዳ ተደግፈው ያቃስታሉ።

«አያ ገብረ ሥላሴ፣ እንኳን ተረፉ» አለቻቸው ማሬ ጎንበስ ብላ። «ያን የአምናውን ልጅ ያወረደው ማን ነበር? መንግስቱ ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «መንግስቱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ‹እኔ ነኝ ያወረድኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው› ብሏል።»

«ምን እንዳለ አይደለም የጠየቅሁዎ።»

«ልጄ፣ ሰውዬው አፈር ሊለብስ ነው። ሞቶ ቃሉን አታስጥዪው። ሌላው ቢቀር ለዚያ ልጅ ቄስ ያመጣለት እሱ ነው። ገዳሪፍ በወባ ተኝቶ ከርሞ፣ ገና እየተንቀጠቀጠ፣ ቄስ አሳፍሮ ለቀብሩ ደረሰ። ፍታቱን አስደርጎ ነው ያስቀበረው።»

«ልጁ የሞተው መቼ ነበር?»

«አምና የዛሬ ቀን። በሚካኤል።»

ማሬ ብድግ አለች። ሽማግሌው አንድ ነገር ደብቀዋታል፤ የደበቁት ግን ለራሳቸው እንዳልሆነ ገብቷታል።

ሉሉ ከማድቤቱ ጉልቻ ፊት ቆማ ትልቅ ድስት ታማስላለች። ዕድሜዋ ከማሬ ጋር ይስተካከላል፤ ፊቷ የተዘጋ፣ እጇ እስከ ክንዷ በጥላሸት የጠቆረ ሴት ናት።

«ለቀብር መልስ ነው?» አለቻት ማሬ።

«አዎ። ለቀስተኛ ባዶ አፉን አይሸኝም።»

«አገርሽ ወዴት ነው?»

«ከወዲያ ማዶ፤ አርማጭሆ።»

«እዚህ የቆየሽ ነሽ?»

«ዘንድሮ ነው የመጣሁ።»

«ልጆች አሉሽ?»

ማማሰያው ቆም አለና ቀጠለ። «የሉኝም።»

«መንግስቱ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ። ሰው የሚመዝን እግዜር ነው።»

ከቀትር በኋላ መንግስቱን ቀበሩት። ዘመኑ መቃብሩ ላይ ወድቆ አፈር በራሱ ላይ ነሰነሰ፤ «ደምህን ሳልመልስ አልውልም!» እያለ ሲጮኽ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። ሲመለሱ ሰዉ በራኩባው ዙሪያ ተቀመጠና ሉሉ ንፍሮ በሰፌድ እያደረገች አዞረች። ማሬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ስንዴና ሽምብራ የተቀላቀለበትን ንፍሮ በእፍኟ ዘግና አፏ ከተተች። ሽምብራው ጥርስ ሳይነካው ሟሟ። ደግማ ዘገነች፤ ያም እንደዚያው ነው።

«ስንሻው፣ ካምፓችሁ ውስጥ ንፍሮ ትበላላችሁ?»

«ኧረ በስማም! ሰው ሳይሞት? ሟርት አይደለም እንዴ? ጠዋት ፉል፣ ማታ የዱራ ገንፎ፣ ዓሲዳ ነው የምንበላው።»

ማሬ እጇ ላይ የቀረውን ንፍሮ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ሁዜይፋን በዓይኗ ጠራችውና «ሰዉን አስቀምጥልኝ፣ ማንም እንዳይነሣ» አለችው። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዘመኑም መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አድርጓል።

«እህት ወንድሞች» አለች ማሬ ከመካከል ቆማ። «ቶሎ እጨርሳለሁ፤ የቸኮለ ሰው አለ። መጀመሪያ ማሽኑን እንጠይቀው። ሰሚያ፣ ስክሪኑ ምን ይላል?»

«ቀይ ነው፣ ኻልቲ።»

ማሬ ወደ ቱቦው ሄዳ ጣሳውን አነሣች። ገመዱን ሳበችና እጥፋቱ ያለበትን ቦታ ካስማው ላይ ጠመጠመችው። አፍንጫው ቱቦው ውስጥ ከመሬት በታች ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ንጹሕ አየር እያገኘ ተንጠለጠለ። ሰዉ ወደ ስክሪኑ ተንጠራራ።

«ቢጫ» አለች ሰሚያ። ቆይታ ደግሞ፣ «አረንጓዴ! አረንጓዴ ሆነ!»

ማሬ ጥምጥሙን ፈትታ ገመዱን ለቀቀችው፤ ብዙ ሳይቆይ ስክሪኑ ተመልሶ ቀላ።

«አያችሁ? ማሽኑ ያሸተተውን ነው የሚናገር። ዛሬ ማለዳ አንድ ሰው መጥቶ አፍንጫውን ከመርዙ አውጥቶ ነፋስ አሳየው። መንግስቱ አረንጓዴ ብሎ ወረደ። ከሞተ በኋላ ያው ሰው፣ ተንኮሉ እንዳይታወቅ አፍንጫውን መልሶ ሰደደው፤ ያን ጊዜ ነው ቀይ የሆነው። ክዳኑ የተከፈተ ጉድጓድ እየቀለለው ይሄዳል እንጂ በራሱ እንደዚያ ድንገት አይከብደውም። ስለዚህ ‹ቀይ ሆነ› የሚለው ጩኸት ሲሰማ ገዳዩ እጁ ገመዱ ላይ ነበር። የጮኸችው ሰሚያ ናት፤ ከዚያ ከስክሪኑ ሥር። ሁላችሁም ሰምታችኋታል። ክንዷ ከራኩባው እስከ ቱቦው የሚደርስ ከሆነ ንገሩኝ።»

ሰሚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ስንሻው የሬሳው ደረት ላይ ነበር፤ እናንተም ከብባችሁታል። ቱቦው አጠገብ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አያ ገብረ ሥላሴ፣ የሚያስታውኩት። ሁለተኛዋ ነጠላዋን ዘርግታ ታስታምማቸው የነበረችው ሉሉ።»

ሰዉ ዞሮ ወደ ሉሉ አየ። ሉሉ ሰፌዷን እንደያዘች ቆማለች።

«እኔ ሰው ስረዳ ገዳይ ተባልኩ?» አለች።

«ገመዱ ላይ ጥላሸት አለ፤ ጥላሸት ግን ብዙ ሰው እጅ ላይ ይገኛል። በዚያ ብቻ አልፈርድብሽም። ንፍሮሽ ነው የነገረኝ። እስቲ ሴቶች መስክሩ፤ ደረቅ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ሳያድር እንዲህ ይበስላል?»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ «ኧረ፣ ቢውልም ድንጋይ ነው» አለች።

«ይህ ሽምብራ ትናንት ነው የተዘፈዘፈው። ትናንት መንግስቱ ደኅና ነበር። ካምፑ ውስጥ ሰው ሳይሞት ንፍሮ አይበላም። መጀመሪያ ‹ሉሉ መንግስቱ እንደሚሞት አውቃ አስቀድማ ንፍሮውን አሰናዳች› አልኩ። ግን ማን ሰው ነው ለሚገድለው ጠላቱ ንፍሮ የሚዘፈዝፍ? ያን ጊዜ ገባኝ። ንፍሮው የመንግስቱ አይደለም። ዛሬ የሌላ ሰው ሙት ዓመት ነው። እንጀራ ፍለጋ መጥቶ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ልጅ። ለእሱ ሙት ዓመት ሽምብራ የሚዘፈዝፍ፣ ከእናቱ በቀር ማን አለ?»

ሰፌዱ ከሉሉ እጅ ወደቀ። ታለቅሳለች ብሎ የጠበቀ ሁሉ ተሳስቶ ነበር፤ ፊቷ አንድ ዓመት ሙሉ ታጥሮ የነበረ ቁጣ እንደፈነዳበት ፊት ሆነ።

«እኔ ነኝ!» አለች። «ትንሳኤ ልጄ ነው! አንድ ነው ያለኝ። ‹መንግስቱ አወረደው፣ እንደ ውሻ ያለ ፍታት ጣሉት› ብለው መንገደኞች ነገሩኝ። የጠየቀው የለም፤ ‹ዕድሉ ነው› ተባለ። ወጥ ሠሪ ሆኜ ገባሁ። በእጄ እያበላሁት ከረምኩ። መርዝ ባበላው እችል ነበር። አላደረግሁትም። ልጄ የሞተውን ሞት፣ ልጄ በሞተበት ቀን፣ ልጄ በሞተበት ጉድጓድ እንዲሞት ነው የፈለግሁ! ይህች ልጅ አፍንጫውን እያወጣች ስታጸዳው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሻይ ሳመጣላት አየሁ። አልጸጸትም!»

«በአንቺ ፋንታ እኮ ይህችን ልጅ ሊበሏት ነበር!» አለች ማሬ በንዴት። «እሷስ የእናት ልጅ አይደለችም?»

«ጀምበር ሳትጠልቅ እናገር ነበር።»

«ጀምበሯ ይቻትና! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ዘመኑ ተነሥቶ መሣሪያውን አቀባበለ። የሁዜይፋ ወታደሮችም አቀባበሉ፤ ሴቶች ጮኹ። ማሬ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ በአፈሙዙና በሉሉ መካከል ቆመች።

«ዘመኑ፣ ከመተኮስህ በፊት አንድ ጥያቄ። አምና በሚካኤል፣ ይህ ልጅ ሲሞት፣ ወንድምህ የት ነበር?»

«ምን አገባው ይኼ ከ—»

«የት ነበር?»

ዘመኑ መሣሪያውን አጥብቆ ያዘ።

«ገዳሪፍ በወባ ተኝቶ ነበር። ለቀብሩ ነው ከነቄሱ የደረሰው። ገዳሪፍ የተኛ ሰው መፋዛ ላይ ልጅ ጉድጓድ አያወርድም። ታዲያ ለምን ‹እኔ ነኝ› አለ? ታላቅ ወንድም የታናሹን ደም በራሱ ላይ ሲያዞር ነው እንዲህ የሚለው። እሱ ሲታመም እርሻውን ማን ነበር የሚጠብቀው?»

ስንሻው «እኛ ያን ጊዜ አጨዳ ላይ ነበርን» አለ ቀስ ብሎ። «ማን እንዳወረደው አላየንም፤ መንግስቱ መቼ እንደተመለሰም አላወቅንም። ‹እኔ ነኝ› ሲል አመንነው።» ከዚያ ሁሉም ወደ ገብረ ሥላሴ ዞረ።

ሽማግሌው የራኩባውን ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። «ማተቤን አስይዞኝ ነበር» አሉ እያለቀሱ። «‹ወንድሜ ልጆች አሉት፣ አያ ገብረ ሥላሴ፣ እኔ የለኝም፤ ደመኛ ቢመጣም ለእኔ ይምጣ› አለኝ መንግስቱ። ልጁን ያወረደው ዘመኑ ነው። ‹ይናፈስ› ብዬው ነበር። ‹አትፍራ፣ ውረድ!› ብሎ ገፋው።»

የዘመኑ አፈሙዝ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ወረደ። ሁዜይፋ ቀርቦ መሣሪያውን ሲወስድበት እጁ አልተቃወመም።

ሉሉ ግን አፈሩ ላይ ተቀምጣ ማሬን ቀና ብላ አየቻት። «ቄስ ነበር? ቄስ አልሽ?»

«መንግስቱ ነው ያመጣለት። ፍታት ተደርጎለት ነው የተቀበረው።»

«የገደልኩት ልጄን ያስቀበረውን ነው?» አለች። ደጋግማ አለችው፤ በመጨረሻ ድምፅ የሌለው ከንፈር ብቻ ቀረ። ማሬ በመርማሪነት ዘመኗ ብዙ ገዳይ አሥራለች፤ እንደዚህች ሴት ያሳዘናት ግን የለም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ማንን ልውሰድ?» አለ ሁዜይፋ።

«ሁለቱንም። ያምናው ሞትም ‹ዕድሉ ነው› ተብሎ አይቀርም።»

መኪናው አንድ ብቻ ስለሆነ ሉሉንና ዘመኑን ከኋላው ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ ወታደሮቹ በዳርና በዳር ሆኑ። ዘመኑ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቶቹ መካከል ቀበረ። ሞተሩ ሲነሣ ሉሉ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ቀና በል» አለችው። «እስከ ገዳሪፍ ድረስ ፊትህን ልየው።»